አንድ ጣት ዘንበል

ሐምሌ ፲፬ ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ ይድረስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዝናቡ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? እናቴስ ደኅና ናት? እኔ ያው እንደሚያውቁኝ ነኝ። ከጥፍሬ ሥር ቀለም አይጠፋም፣ ከሆዴ ናፍቆት አይጠፋም፤ ከዚህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ነገር ባለፈው በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። እርስዎ «እ? እ?» ሲሉ፣ እኔ ስጮኽ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ስትደበድብ ሳይሆን ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሮዎ ተቀይሞዎታል፤ ስለዚህ በወረቀት ይሻለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ቲያትር ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሌሎች የቀቡበትን ብሩሽ ማጠብ፣ ሌሎች የሚቀቡትን ሸራ መወጠር። ዘንድሮ አዘጋጇ ጠርታ አንድ ሙሉ መድረክ ሰጠችኝ። ተውኔቱ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ተኳርፈው ክረምቱን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው ይከርማሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ክረምቱ ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይታረቃሉ። መጋረጃ አይዘጋም፣ መብራት አይጠፋም። ክረምቱ ተመልካቹ እያየው መውጣት አለበት፤ የማስወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። ከሠራሁት ሠዓሊ ተብዬ እቀራለሁ፣ ካልሠራሁት ወደ ብሩሽ እጥበቴ እመለሳለሁ። የሚከፈተው ጥር ላይ ነው።

ችግሩ፣ ያለሁት ሐምሌ በፀሐይ በሚነድበት አገር ነው። እዚህ ዝናብ ወር የለውም፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ክረምት እንዴት እንደሚወጣ ረሳሁት ብልዎ ያፍሩብኛል፤ ግን ረሳሁት። እርስዎ ደግሞ ኑሮዎን ሙሉ ከዝናብ ጋር ሲደራደሩ የኖሩ አሸንዳ ሠሪ ነዎት። እባክዎ አይተው ይጻፉልኝ። ሰማዩ ምን ይመስላል? ደመናው በየት በኩል ይገፈፋል? ቀለሙስ ምን ምን ይሆናል?

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ለቆርቆሮ መግዣ ትንሽ ላክልኝ ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ሰኔም አለፈ፣ ምንም አላሉኝም። ረስተው ነው ወይስ ተቀይመውኝ?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ ፲፩ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ እንደ ራሴ ለማይህ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፤ ይህ ግን ዜና አይደለም። ደብዳቤህ እናትህ ደጋግማ አንብባው ካበቃች በኋላ ነው ለእኔ የደረሰኝ። «ከሆዴ ናፍቆት አይጠፋም» ያልክበትን ቦታ በእንባ አበላሽታው ከሥሩ ያለውን ለማንበብ ስቸገር ዋልኩ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቃል ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፈው።

የጠየቅኸኝን ሳይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሳቄ መጣ። ዝናብ ዝናብ ነው። ይመጣል፣ ይዘንባል፣ ያባራል። ደመናው በየት በኩል ይገፈፋል ትለኛለህ፤ እኔ እንጃ። አሸንዳ ሠሪ ሰማይ አያይም። ሰው ሁሉ ዝናብ መጣ ብሎ ቀና ሲል እኔ አጎንብሼ ውኃው የት እንደሚሄድ ነው የማየው። የጣሪያ ጫፍ ካልከኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም።

አንተ ግን ሥራህን ሥራ። ሰማያዊ ቀለምህን ግዛና ደመናውን ቀስ እያልክ ሸፍነው፤ አለቀ። ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ልጅ ሆነህ የሱቄን በር በከሰል ስትሞነጭር እኮ ማንንም አማክረህ አታውቅም።

ስለ ቆርቆሮው አልረሳሁም፣ አልተቀየምኩህምም። ዘንድሮ ቆርቆሮ ሞልቶኛል። ገንዘቡን ለራስህ አድርገው። ይልቅ ወፍራም ካልሲ ካገኘህ ላክልኝ፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ስል እግሬን ይበርደኛል።

የእናትህ ወንድም፣ ሰፈሩ ጋሼ ቋቋታ የሚለኝ


ነሐሴ ፳፱ ቀን

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከካልሲው ጋር ይድረስዎ። ወፍራሙን መርጬ ነው የላክሁት። ግን ጋሼ፣ በነሐሴ ቤት ውስጥ ቁጭ? እኔ እርስዎን በነሐሴ ጣሪያ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይቼዎት አላውቅም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የእኔን አስቀድሙልኝ» እያለ በር ላይ ሲጨቃጨቅ ነው የማስታውሰው። ደኅና ነዎት?

ያሉኝን አደረግሁ። ሰማዩን በስስ ሸራዎች ደራርቤ ሠራሁት፤ አንዱ ሲነሣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ሌላው ሲነሣ ግራጫው ይነጣል፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይወጣል። ወገቤ እስኪቆረጥ ነው የሠራሁት። በራሴም ኮርቼ አዘጋጇን ጠራኋት።

አገጯን ይዛ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ተነሣችና «ዝናቡ ቆሟል፤ ክረምቱ ግን አልወጣም» አለችኝ። ከኋላዋ የነበረው የመድረኩ አናጢ ሳል ያዘው፣ ወይም የያዘው መስሎ ወጣ። ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የባሰው ግን ትክክል መሆኗ ነው። ያ ሰማይ ቆንጆ ነው፤ ግን ማንም ሰው ያንን አይቶ በሩን ከፍቶ አይወጣም።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሠዓሊ እንደምትጠራ በጨዋ ቋንቋ ነግራኛለች። ስለዚህ ልመናዬን አሻሽያለሁ። ሰማዩን ይተዉት። እርስዎ የሚያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ውኃው የት እንደሚሄድ፣ መሄዱንም እንዴት እንደሚያቆም።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም ፳፬ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ፣ ሥራህን ይባርክልህ። ካልሲው ደርሶኛል፤ እናትህ አንዱን ጥንድ ወስዳብኛለች። ይህን ያህል ዝም ያልኩህ ጠልቼህ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ሳይጨርስ ልጽፍልህ አልፈለግሁም።

የሚያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ ስትለኝ ነገሩ ራሴ ውስጥ ገባ። በርጩማዬን ይዤ ከእናትህ ጣሪያ ሥር፣ አንተ ሳትወለድ የሰቀልኩት አሸንዳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ እንደማይረዳኝ ታውቃለህ፤ ስለዚህ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። ይገርምሃል፣ ዝናብ በመዳፍ ሲሰማ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ጠብታ ቸኩሎ እንደመጣ፣ የትኛው እንደሰነፈ ሁሉ ይታወቅሃል። እናትህ «አበደ» ብላ ለጎረቤት ተናግራለች።

እንግዲህ ስማኝ። አዘጋጅህ ልክ ናት። ክረምት አይቆምም፤ ይሰናበታል። ደህና እደሩ ብሎ ከተነሣ በኋላ በር ላይ ቆሞ ሌላ ወሬ የሚጀምር እንግዳ ታውቅ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ስለሚወርድ መዳፍህ ይደነዝዛል። ቀጥሎ አንድ ቀን ሳይመጣ ይቀራል። ሄደ ስትል የረሳው ዕቃ እንዳለ ሁሉ በቁጣ ይመለሳል፣ ቤቱን ያናውጣል፣ ይሄዳል። ኋላ ከሰዓት ላይ ብቻ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ዝናቡ የለም፣ አሸንዳው ግን ይንጠባጠባል። አንድ ጠብታ። ትጠብቃለህ። ሌላ ጠብታ። አለቀ ብለህ ልትነሣ ስትል አንድ ደግሞ።

ግድግዳውንም እይልኝ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበቱ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጉልበት ይወጣል። በጋ ሊገባ ሲል ያ ጥቁር እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ የደረቀበት ጠርዝ ነጣ ይላል። ቀለም ካልከኝ ቀለሙ እዚያ ነው፣ ሰማይ ላይ አይደለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ፀሐዩ ጣሪያውን ይመታዋል፣ ቆርቆሮው ሲሞቅ ይለጠጥና «ቷ» ይላል። ክረምቱን ሙሉ ስለማይሞቅ ድምፁን ከሰማኸው ቆይተሃል። ያን ቀን ነው በጋ የገባው፤ ቀን መቁጠሪያ የሚለውን ተወው። ዘንድሮ መዳፌ ላይ ሲመታኝ ደንግጬ ዘለልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ስንት ጊዜ አልፎኛል መሰለህ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ነህ ያሳየኸኝ።

ይህን ጽፌ ልጨርስልህ ስል ቃል አነሰኝ። ቃል ሲያንሰኝ እጄ መቀስ ያነሣል። ስለዚህ ዝናብ ሠርቼልሃለሁ። አጫጭር አሸንዳዎች ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያፈሳል። ከላይ ክዳን አላቸው፣ ውስጣቸው ቆርቆሮውን እየቆነጠርኩ ጥርስ አውጥቼላቸዋለሁ። ለካፊያው ሩዝ አፍስስ፣ ለትልቁ ዝናብ ደረቅ አተር። ለመሞከር ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አተሩን ለቀቅሁት። እናትህ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ከቤት በሩጫ ወጣች፣ ያሰጣችውን ልብስ በሙሉ ከገመዱ ላይ ገፍፋ አስገባች፣ ከዚያ በር ላይ ቆማ ሽቅብ ታይ ጀመር። እስከ ማግሥቱ አላናገረችኝም። እኔ አንዲት ጠብታ አልሰማሁም፤ እሷ ስትሮጥ ግን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ፈታትቼ በሣጥን ልኬልሃለሁ። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በምስማር ጭሬበታለሁ። አሰቃቀሉን አልጽፍልህም፤ አሸንዳ መስቀል ማን ያቅተዋል?

አጎትህ

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው እሱ ፖስታ ሊገዛ ሲወጣ ነው። እንዳይነግርህ ስለማውቅ ነው። ሱቁን ሰኔ ላይ ዘግቶታል። ሰው ሁሉ የፕላስቲክ አሸንዳ ነው የሚገዛው፤ በዚህ ክረምት አንድ ሰው እንኳ በሩን አላንኳኳም። ቁልፉን እንዳያየው አሮጌ ጫማው ውስጥ ከቶታል። ያንን የዝናብ ነገሩን ሲሠራ ግን ሲያፏጭ ሰማሁት፤ ከሰኔ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። ስለ ልብሱ የጻፈውን አትመን፤ ደመና ነበረ። እናትህ።


ኅዳር ፲፪ ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ሣጥኑ ደረሰ። ክዳኑን ስከፍተው የብየዳዎ ሽታ ወጣ፤ ትልቅ ሰውዬ ሆኜ የቲያትር ቤቱ ጓሮ ውስጥ ሆድ ባሰኝ።

መልካሙን ላስቀድም። ሰማዬን ሙሉ በሙሉ ቀብቼ አጠፋሁት። በምትኩ አንድ ግድግዳ ብቻ ሣልኩ፤ እርጥበቱ እስከ ጉልበት የወጣ። መብራቱ በጎን ሲመጣበት እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላል። አዘጋጇ መጥታ በጣቷ ነካችው፣ ጣቷንም አየችው። እውነት እርጥብ መስሏት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ አፍራለሁ። አናጢው ጥንቁቅ ሰው ነው። አሸንዳዎቹን አንድ በአንድ በውኃ ልክ እያስተካከለ፣ ከግራም ከቀኝም ዝንፍ ሳይሉ ሰቀላቸው። ሁሉንም ጠራሁ፤ ተዋንያኑ፣ መብራት የሚያበሩት፣ ትኬት የምትሸጠዋ ሳትቀር መጡ። አተሩን ለቀቅሁት። «ጠጠጠጠ» አለና ዝም አለ። ብጠብቅ ዝም። ውስጡ ተከምሮ ቀርቷል። ብነቀንቀው ደግሞ ጆንያ እንደተቀደደ ሁሉ አንዴ ዱብ ብሎ ወረደና መድረኩን ሞላው። ታላቅ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሳቀ። ሌሎቹ አዝነውልኝ አቀረቀሩ፤ ይህ ይባስ አቃጠለኝ። አናጢው «በመንገድ ተጣሞ ይሆናል» አለኝ።

አዘጋጇ ሌላ ሠዓሊ ማነጋገሯን ሰማሁ። ቀኑን ትንሽ ገፍታልኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የምታየው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው።

ጋሼ፣ ስለ ሱቁም ሰምቻለሁ። ለምን ደበቁኝ? እኔ እዚህ ሆኜ ስለ ደመና ስጠይቅዎት፣ እርስዎ ቁልፍዎን ጫማ ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል። ሸክም ላይ ሸክም ጨመርኩብዎት። ዕቃውን አውርጄ በሣጥኑ ልመልስልዎት? በእርስዎ ሥራ ላይ ሰው እንዲስቅ አልፈልግም።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር ፳፯ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለአናጢው ግን አላውቅም።

በውኃ ልክ? አሸንዳ በውኃ ልክ የሚሰቅል ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ መስማቱን እንኳ ተወው። ሰውየው በር የለመደ ነው። በር ቀጥ ማለት አለበት፤ አሸንዳ ቀጥ ካለ ውኃው ይተኛበታል፣ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ትንኝ ይፈላበታል። አሸንዳ አንዱ ጫፉ ዝቅ ይላል። ይህን ልጽፍልህ አለማሰቤ የእኔ ጥፋት ነው። ዘመኔን ሙሉ ስሠራው ስለኖርኩ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ።

ልኩ አንድ ጣት ዘንበል ነው። አውራ ጣት። የእኔ እንጂ ያንተ የሠዓሊ ጣት አይደለም፤ ያንተ ለካፊያ እንኳ አይበቃም። እንዳትሳሳት ጣቴን እዚህ ግርጌ ላይ አሳርፌ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሬልሃለሁ። የመጀመሪያው ወደ ቀኝ ዘንበል ካለ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው መልሶ ወደ ቀኝ። ከዚያ አተሩን ልቀቀው።

ስለ ሱቁ። አዎ፣ ዘግቻለሁ። ብነግርህ ምን ልታደርግ ነበር? የምትልክልኝ ገንዘብ ደንበኛ አይሆነኝም። ደግሞ አፍሬ ነው። አንድ ጎረምሳ ፕላስቲኩን በትከሻው ተሸክሞ በሬ ላይ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ልጠላው እንኳ አልቻልኩም። ሥራዬ ካለፈበት እኔም ያለፈብኝ መሰለኝ። ይህን ለእናትህም አልተናገርኩም፤ አሁን ግን ደብዳቤውን ከእኔ በፊት ስለምታነበው ሰምታለች።

ሸክም ጨመርኩብዎት ያልከውን ተው። ያ የዝናብ ነገር ነው ከበርጩማው ያስነሣኝ። በሣጥን ልመልሰው ያልከውን ደግሞ አልሰማሁህም፤ ጆሮዬን ታውቀዋለህ።

ጋሼህ


ጥር ፲፭ ቀን

ለምወድዎና ለምኮራብዎ አጎቴ፤

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ወሬውን ልነግርዎ ቸኩያለሁ። ትናንት ተከፈተ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደብዳቤዎ እንደደረሰ ለአናጢው ተረጎምኩለት። ስለ ትንኙ ያሉትን አልዘለልኩም። ቅር ሳይለው አውራ ጣቱን በእርስዎ ጣት ላይ አሳረፈ፤ የእርስዎ በዙሪያው ተርፎ ታየ። አፏጨ። ከዚያ በእርስዎ ጣት ልክ ሽብልቅ እንጨት ጠርቦ ከአሸንዳዎቹ ጫፍ ሥር ወሸቀ። አተሩን ለቀቅነው። ጋሼ፣ ዘነበ። እውነተኛ ዝናብ፣ የእናቴ ጣሪያ ላይ ያለው ዝናብ። አናጢው ሳያስበው ወደ ኮርኒሱ አየ።

ዝናቡን አገኘን፤ መሰናበቱ ግን ቀርቶን ነበር። እሱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንዱ ሽብልቅ ወደቀና ጫፉን በእጄ ደግፌ ያዝኩት። ቀና ሳደርገው ዝናቡ ሳሳ። ዝቅ ሳደርገው ተመልሶ መጣ። ደግሜ ቀና አደረግሁት፤ ሄደ። ያኔ ያ በውኃ ልክ የተሰቀለበት ቀን ትዝ አለኝ። ቀጥ ሲል ውኃው የሚተኛ ከሆነ፣ ክረምቱ የሚወጣው አሸንዳው ቀስ እያለ ቀጥ ሲል ነው። ያን ዕለት ስህተታችን ነበር፤ አሁን ግን የሚያስፈልገኝ እሱ ሆነ። ሽብልቁን ሁሉ አወጣን፣ ጫፎቹን በአንድ ገመድ አሰርን፣ ገመዱን እኔ ያዝኩ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አዘጋጇ አየችውና እዚያው ሌላውን ሠዓሊ በስልክ አሰናበተችው።

አሁን ትናንት። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከመድረኩ ጎን ገመዴን ይዤ ቆሜያለሁ። በመጀመሪያው ክፍል ዝናቡን ሙሉ ለቀቅሁት። ወንድማማቾቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴትዮ ኮቷን ወደ ትከሻዋ ስትስብ አየኋት። ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ ገመዱን መሳብ ጀመርኩ፤ በጣም ቀስ ብዬ፣ እርስዎ እንዳሉት። ሳሳ። ቆመ። ታናሽየው ወደ በሩ ሲያይ መልሼ ለቀቅሁት፤ የረሳው ዕቃ እንዳለው ሰው ተመለሰ። ከአዳራሹ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። እንደገና ሳብኩ። ካፊያ ሆነ። ከዚያ አተሩን አንድ በአንድ ብቻ ለቀቅሁ። አንድ ጠብታ። ግድግዳው ላይ እርጥበቱ ይወርዳል። ሌላ ጠብታ። ያን ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ አንዲት የአተር ፍሬ እንዲጠብቅ አደረግነው።

ለመጨረሻው «ቷ» ትንሽ መዶሻ አዘጋጅቼ ነበር። ከላይኛው አሸንዳ ጎን ልመታ አነሣሁት። ሳልመታው ጋሼ፣ ሳልመታው፣ ያን ሁሉ ሰዓት መብራቱ ሲያሞቀው የቆየው ቆርቆሮ በራሱ «ቷ» አለ።

አዳራሹ በሙሉ ራሱን ቀና አደረገ። ታላቅ ወንድም የሚሆነው፣ ያኔ የሳቀብኝ ተዋናይ፣ ቃሉ ገና ሳይደርስ ተነሥቶ በሩን ከፈተው። ታናሹ ተከተለው። ብርሃኑ ገባ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እኔ መዶሻዬን እንዳነሣሁ ቆሜያለሁ። አዘጋጇ ከኋላ መጥታ መዶሻውን ከእጄ ወሰደችና «ወጣ» አለችኝ። ያችን አንዲት ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ለእናቴ አይንገሯት፣ መቼም ማንበቧ አይቀርም።

የተውኔቱን ወረቀት አብሬ ልኬዋለሁ። የሠራተኞቹ ዝርዝር ላይ ይመልከቱ። «መድረክ» ከሚለው ሥር እኔ አለሁ። ከእሱ በታች እርስዎ አሉ፤ አዘጋጇ «ዝናቡን የማን ብዬ ላስጽፍ? አጎትህን ምን ብለህ ትጠራቸዋለህ?» አለችኝ፣ ነገርኳት። በእነሱ ፊደል «ዝናብ፦ ጋሼ» ይላል። አሁን ቲያትር ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚልዎት፤ አናጢው «ጋሼ ጣቱ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል።

ተውኔቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሊዞር ነው። አዘጋጇ ለየመድረኩ የሚሆኑ ሌሎች ዝናቦች እንዲሠሩላት ትፈልጋለች፤ ደንበኛ እንጂ እርዳታ አይደለችም፣ በትእዛዝ ነው የምትገዛው። ደግሞ ለሚቀጥለው ተውኔት አንድ ጥያቄ አላት። ነፋስ መሥራት ይችላሉ ወይ?

ብሩሼን ዛሬም ራሴ ነኝ ያጠብኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ልጅዎ


የካቲት ፱ ቀን

ለሠዓሊው ልጄ፤

እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለን። ደብዳቤህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበበትን ቦታ መዳፌን አሳረፍኩበት። አትሳቅ፣ ተሰምቶኛል።

እናትህ የተውኔቱን ወረቀት ይዛ ሰፈሩን አዳርሳለች። ፊደሉን የሚያነብ ስለሌለ ጣቷን «ዝናብ» ላይ እያደረገች ራሷ ታነብላቸዋለች። መጀመሪያ አበደ ብላ ለነገረቻት ጎረቤት አሁን «እኔ ድሮም አውቀው ነበር» ትላለች። ስለ ማልቀስህ አልሰማሁም ብላለች፤ ወረቀቱ ግን እዚያ ቦታ ላይ ረጥቧል።

በራሱ «ቷ» አለ ያልከኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ያንን ቆርቆሮ በሠራሁበት ቀን ሱቄ ተዘግቶ፣ ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ነበር የቀጠቀጥኩት። ከእንግዲህ የማልሠራ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መሞቅ ሲደርሰው ማንንም አልጠበቀም።

ቁልፉን ከጫማው አወጣሁት። የሱቁ በር ማጠፊያ ዝጎ ነበር፣ በዘይት አሸሁት። ቆርቆሮው እንዳልኩህ ሞልቶኛል፤ አሁን ውሸት አይደለም። ታውቃለህ፣ አሸንዳ ሠሪ በየካቲት መዶሻ አያነሣም። በየካቲት እንቅልፍ ነው ሥራችን። ዘንድሮ ግን ፀሐዩ አናቴ ላይ ሆኖ ጠዋት ማታ ዝናብ ስሠራ እውላለሁ፤ ያ ፕላስቲክ የሚሸጠው ልጅ ሳይቀር መጥቶ ቆሞ ያያል። እጁ ጥሩ ነው፣ ሲያመቸው ክዳኑን ይይዝልኛል።

ለአዘጋጅሽ ንገራት... ይቅርታ፣ ለአዘጋጅህ። ሴት ናት ብለህ ስትጽፍልኝ ከረምክ፣ እጄ ከእሷ ጋር የሚያወራ መሰለው። ንገራት፦ የየመድረኩን ከፍታ በመዳፍ ሳይሆን በሜትር ለክታ ትላክልኝ፤ ገንዘብ ሳትልክ በፊት ከፍታውን። ነፋሱን ጀምሬዋለሁ። ጎኑ የተቀደደ ረጅም ቆርቆሮ ነው፣ ሲዞር ይተነፍሳል። ድምፁን እናትህ ትነግረኛለች፤ እኔ ፊቴ ላይ ቅዝቃዜው ይደርሰኛል። ለአናጢው ደግሞ ጣቴ ደኅና ነው በለው፤ ውኃ ልኩንም አይጣለው፣ ክረምት ለማስወጣት ይጠቅማል።

የሱቄን ሰሌዳ አውርጄ ቀባሁት። «አሸንዳ ይሠራል» የሚል ነበር፣ ታስታውሰዋለህ፤ ልጅ ሆነህ ከሥሩ ፈረስ ሥለህበት ገርፌሃለሁ። አሁን «ዝናብ ይሠራል» ይላል። ፈረሱን ከቀለሙ ሥር አገኘሁት፣ ጠርጌ ተውኩት። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያነባል፣ ሰማዩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ስቆ ይሄዳል።

እናትህ ብቻ ናት የማትስቀው። በማግሥቱ ልብስ ይዛ ወጥታ ገመዱ አጠገብ አልቆመችም። ቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች፣ እርጥቡን ልብስ በክንዷ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመችና እንድሰማት ጮኽ ብላ «ዛሬ ዝናብ ትሠራለህ?» አለችኝ።

ጋሼ